ቡናማው ፕላስቲክ ውስጥ የነበረው መድኃኒት

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ባለቤቴ የነበረው ደረጀ፣ ኮልፌ አጣና ተራ አጠገብ በሚገኘው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለአስም በሽታዬ በየቀኑ የምወስደውን መድኃኒት ከፕላስቲክ መያዣው አውጥቶ ጣለው። በምትኩ ሌላ መድኃኒት አስገባበት። መያዣውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ክዳኑን ገጥሞ በአልጋዬ ራስጌ፣ በነበረበት ቦታ መለሰልኝ። አልነገረኝም። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ይህን እሱም አይክድም። በጽሑፍ አስፍረን ፈርም ብንለው የሚፈርም ይመስለኛል። በመካከላችን የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ያንን ጥያቄ እናንተ አንባቢዎች እንድትመዝኑት የኅዳር 12ን ውሎ ከጠዋቱ ጀምሬ መናገር ይኖርብኛል።

የማስረጃ ሕግ መምህር ነኝ። ምስክር «አየሁ» ሲል ቃሉን በምን እንመዝነው የሚለውን ለዓመታት አጥንቻለሁ፤ ዶክትሬቴንም ያገኘሁት በዚሁ ነው። ትዳር የያዝኩት ዘግይቼ ነበር፤ ልጅም ቶሎ አልመጣልንም። ሐኪሞቹ ተስፋ መቁረጣቸውን በትሕትና መሸፈን ከጀመሩ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ እኔም ራሴ ሳልጠብቅ አረገዝኩ። በዚያ ዓመት ደረጃ ስወርድ እንኳ ግድግዳ እይዝ ነበር።

አስሙ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲያብብ፣ የቆየ ምንጣፍ ሲራገፍ፣ ድመት ያለበት ቤት ስገባ፣ ከሰፈራችን እንጨት ቤቶች የሚነሣው ብናኝ በነፋስ ሲመጣ ይቀሰቀስብኛል። ሐኪሜ ሁለት በአፍ የሚነፉ መድኃኒቶች አዞልኛል፤ ሁላችንም ፓፍ የምንላቸውን። የአንዱ መያዣ ሰማያዊ ነው፣ የሌላው ቡናማ። የደረሰብኝ ነገር በሙሉ በሁለቱ ልዩነት ላይ ስለሚቆም፣ ልዩነቱን በጥቂቱ ላስረዳ።

የአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧ ሁለት ችግር አለበት። ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል። የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ የሚያጣብቅ አክታ ያመነጫል። ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን ብግነት ይሉታል። ሰማያዊው መድኃኒት ጡንቻውን ያላላዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ደረት ይከፈታል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ሥራው ያበቃል። ብግነቱን ግን አያበርደውም። ብግነቱን የሚያበርደው ቡናማው ነው፤ እሱም በቀናትና በሳምንታት፣ በዝግታ፣ ሲወስዱት አንዳች ነገር ሳይሰማ። ሰማያዊውን ብቻ የሚወስድ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ግድግዳው ግን ከውስጥ ማበጡን ይቀጥላል። ይህን ለደረጀ በተጋባን በመጀመሪያው ወር አስረድቼዋለሁ። ጥሩ አድማጭ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የፓፎቹን ፕላስቲክ ማጠብ የእሱ ሥራ ሆነ። የብረት ቆርቆሮዎቹን ያወጣል፣ ፕላስቲኩን በሞቀ ውሃ ያጥባል፣ መስኮት ላይ ያደርቃል፣ መልሶ ይገጥማል። እኔ በዚያን ሰዓት የተማሪዎች ፈተና አርማለሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ኤግዚቢቶቹ ታጥበው ቀርበዋል» ይለኝ ነበር።

«የእጅ አሻራ አጠፋህ ማለት ነው።»

«አጥፍቻለሁ። ድርጊቱን አምኛለሁ። የቅጣት ማቅለያ ይያዝልኝ።»

«ምን ማቅለያ አለህ?»

«ባለትዳር ነኝ። እየተቀጣሁ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በቤታችን ውስጥ የሚያስቀው እሱ ነበር፤ የምስቀው እኔ።

እናቱ፣ እማማ ወርቄ፣ የሚኖሩት ሳንሱሲ ነው። በመስከረም መጨረሻ ሊጠይቁኝ መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ቡናማውን አንሥተው አገላበጡት። የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። ታናሽ ልጃቸው ብርቱካን፣ ቀጫጫ ናት እየተባለች አድጋ፣ ከሠርጓ በፊት ለመወፈር ብላ ሰፈር ውስጥ ዴክሳ እያሉ የሚሸጡትን እንክብል ለወራት ውጣለች። ፊቷ እንደ ሊጥ አበጠ፤ በኋላም ስኳር ያዛት። እንክብሉ ስቴሮይድ መሆኑን ቤተሰቡ ያወቀው ከሐኪም አፍ ነው፤ ስቴሮይድ የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት እንደ መርዝ ስም ይጠራል።

«ማርትዬ፣ ይሄ ቡናማው ስቴሮይድ አለበት አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ብርቱካንን ያበላሻት እሱ አይደለም እንዴ?»

«የእሷ እንክብል ነበር፤ በደም ገብቶ መላ ሰውነት ያዳርሳል። የእኔ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚሄደውም ወደ ሳንባ ነው። የእርግዝና ሐኪሜም እንዳላቋርጥ ነግራኛለች።»

«እሷ እንግዲህ የራሷን ሆድ አይደለም የምታክመው። እኔ የምለው፣ እስክትገላገዪ ድረስ በሰማያዊው ብቻ ብትቆዪስ? እሱ መቼም ሲሠራ ይታያል። ይሄ ቡናማው ምን እንደሚሠራ ማን አየው?»

«ልጁን የሚጎዳው መድኃኒቱ ሳይሆን የእኔ አየር ማጣት ነው። ይህ የምንከራከርበት ጉዳይ አይደለም፣ እማማ።»

«እሺ ልጄ። የተማራችሁት ታውቃላችሁ።» ነጠላቸውን ሳብ አደረጉና ቡናማውን ቦታው መለሱት። ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይሰማ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ከእኔ ጋር ተስማምቷል ብዬ አለፍኩት። ዝምታ ስምምነት እንዳይደለ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

የቀረውን በኋላ ከራሱ ነው የሰማሁት። ከፋርማሲ አንድ ተጨማሪ ሰማያዊ ፓፍ ገዛ። ቆርቆሮውን አውጥቶ ቡናማው ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው። ቆርቆሮዎቹ የሚለዩት ሲወጡ ብቻ ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚታየው የብረቱ ጫፍ ነው፤ እሱም አንድ ዓይነት ነው።

ጥቅምት፣ በሕይወቴ ከተነፈስኩባቸው ወራት ሁሉ የቀለለው ሆነ። ይህን መጻፍ ከሌላው ሁሉ ይከብደኛል፤ ግን ማስረጃው ይኸው ነው። ጠዋትና ማታ ከቡናማው ፕላስቲክ የምስበው ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት ነበርና ደረቴ ወዲያው ይከፈት ነበር። ቡናማውን የወሰደ ሰው አፉን በውሃ መጉመጥመጥ አለበት፤ እኔም ደንቡን ጠብቄ እጉመጠመጥ ነበር። ብርጭቆውን የሚያቀብለኝ ደረጀ ነው። «ዛሬም ደህና ተነፈስሽ?» ይለኛል። «ከትናንት ይሻላል» እለዋለሁ። ፊቱ ላይ ይታይ የነበረውን ደስታ ለእርግዝናዬ ሰጠሁት።

እጄ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤ ያለ ምክንያት ይፈጥናል። ሁለቱም ሰማያዊው መድኃኒት የሚያመጣቸው ናቸው፤ እኔ ግን የእርግዝና ምልክት ብዬ ወሰድኳቸው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ በመሀሉ ሰማያዊውንም መፈለግ ጀመርኩ፤ በመጀመሪያ ከክፍል በፊት፣ በኋላ ከክፍል በኋላም። የሣሩ ወቅት ነው አልኩ። የእርግዝና ሐኪሜ ስትጠይቀኝ «ቡናማውን አንድ ቀን አላቋረጥኩም» ብዬ መለስኩላት። በሙሉ ልብ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። ባለቤቴ ሐሰተኛ ምስክር አድርጎኝ ነበር፤ በገዛ ሰውነቴ ላይ።

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ትታጠናለች። የጥንት ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው ይባላል፤ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመርና በማለዳው ይቃጠላል። በእኛ ሰፈር የሚከመረው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ የእንጨት ቤቶቹ ፍቅፋቂ፣ ፌስታል፣ ያረጀ ጫማ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ጭምር ነው። ያን ቀን ጎሕ ሲቀድ ደረጀ ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮት በኩል ከጎረቤታችን ከጋሽ ተካ ጋር ሲነጋገር እሰማው ነበር።

«ጋሽ ተካ፣ እባክዎ ዘንድሮ እንኳ ወደ ታች ራቅ አድርገው ያንድዱት። ማርታ ነፍሰ ጡር ናት።»

«እንዴ፣ በሽታ ሊወጣ ነው እኮ የሚታጠነው! ነፍሰ ጡርማ ልትሞቀው ይገባ ነበር።»

«ሳንባዋ አይችለውም።»

«እሺ በል፣ ዶክተሯ ከሳ ፍርድ ቤት እንዳታቆመኝ። ዋስ ትሆነኛለህ?»

«በእሷ ፊትማ ለራሴም ዋስ አላገኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ተካ ክምራቸውን በእርግጥ ወደ ታች ወሰዱት። ግን የእሳቸው ክምር ከመቶዎች አንዱ ነበር። ደረጀ ገብቶ በመስኮቶቹ ሥር እርጥብ ፎጣ ወሸቀ። ፀሐይ ስትወጣ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ነበር።

የጠዋቱን ቡናማ ወሰድኩ፤ ቡናማ ነው ያልኩትን። ከዚያ ሳል ጀመረኝ። ሰማያዊውን ጨመርኩ። ጥቂት ቀለለኝና ተመልሶ ጠበበ። ደግሜ ወሰድኩ። በሦስተኛው ጊዜ ልቤ እንደ ከበሮ ሲመታ ደረቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። የአየር እጥረት የሚለካው በንግግር ነው፤ በመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቅታል፣ ቀጥሎ ሐረግ፣ ቀጥሎ ቃል። «መኪና» ስለው ቃል ላይ ደርሼ ነበር።

ደረጀ ራይድ ታክሲ ጠራ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነበር፤ በመስተዋቱ አየኝና ማርሽ እያስገባ «እናቴ፣ መስኮቱን ልክፈተው ልዝጋው? በሁለቱም በኩል ያው ጭስ ነው» አለኝ። ራሱ ዘጋው። መንገዱ ግራና ቀኝ ይጨሳል፤ ሚኒባሶቹ መብራት አብርተው ነበር የሚሄዱት። በቅርብ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ገባን።

የተቀበለን ጤና መኮንን ወጣት፣ ፈጣን፣ ተጫዋች ሰው ነበር። «ዛሬ ኮልፌ በሙሉ ታጥኖ ነው የሚመጣልኝ፤ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም» እያለ አፌና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል አደረገ። መድኃኒቱን ወደ ጉም የሚለውጠው ማሽን መንጫረር ጀመረ። በጉሙ ውስጥ የሚመጣው ሰማያዊው ፓፍ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ግን ይበልጣል። እኔ መናገር ስለማልችል ጥያቄውን የጠየቀው ደረጀን ነው።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባተኛው ውስጥ ገብታለች።»

«ምን ምን ትወስዳለች?»

«ሰማያዊውንና ቡናማውን።»

«ቡናማውን በትክክል ነው የምትወስደው? ብዙዎቹ ሲሻላቸው ይተዉታል፤ ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

ደረጀ ቦርሳዬን ይዞ ነበር። ቦርሳውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረው። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ መለሰ።

«በየቀኑ። ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን ዘልላ አታውቅም።»

ጤና መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ፤ በጭምብሉ ውስጥ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጎበዝ። እንደሱ ከሆነ ውስጡ የተቆጣ አይመስለኝም፤ ጭሱ ነው ያኮማተራት። የብግነቱን መርፌ ልወጋት አስቤ ነበር፤ መድኃኒቱን ካላቋረጠች፣ ነፍሰ ጡርም ስለሆነች፣ ለጊዜው ይቅር።»

መርፌው ሃይድሮኮርቲዞን ነበር፤ ብግነቱን የሚያበርድ። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ፣ ቡናማውን ትውሰድም አትውሰድም፣ መስጠት እንደነበረበት በኋላ ከሌላ ሐኪም ተረድቻለሁ። ሰውየውም በኋላ ስጠይቀው ስሕተቱን በፊቴ አምኗል። የእሱን ጉዳይ ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ። እሱ ግን ጥያቄውን ጠይቋል። ይህንን መዝግቡልኝ።

ማሽኑ ሥራውን ሠራ። ደረቴ ተከፈተ፤ ሐረግ፣ ከዚያም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ቻልኩ። ጣቴ ላይ የተደረገው መለኪያ ጥሩ ቁጥር አሳየ። የልጁን የልብ ምት አዳመጡት፤ ይመታ ነበር። ከረፋዱ በኋላ ወደ ቤት ተመለስን።

የዚያን ቀን እኩለ ቀን ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ጭሱ ቀጥኖ ነበር። ትራስ ደርድሮልኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የገብስ አጥሚት አፍልቶ አመጣልኝ፤ ብርጭቆውን እፍ እያለ አቀዘቀዘው። ልጁ ከጎድኔ ሥር ረገጠኝ።

«ተራገጠ?»

«ተቃውሞውን እያቀረበ ነው።»

«በጽሑፍ ያቅርብ በይው።»

ሳቅኩ። ሲያስቀኝ ያመኝ ነበር፤ እንዳያስቀኝ ለመንኩት። እሱ ግን አልሳቀም። አልጋው ግርጌ ተቀምጦ ቆየ።

«ማርታ።»

«ምን?»

«ምንም። አረፍ በይ።»

ያን ጊዜ ቢነግረኝ ወደ ሆስፒታል እሄድ ነበር። መርፌውን እወጋ ነበር። መርፌው ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ እነዚያ ሰዓታት በእጃችን ነበሩ። የጠዋቱ ጉም ያላላው ጡንቻውን ብቻ ነው፤ ያበጠው ግድግዳ እንዳበጠ ነበር። የማሽኑ መድኃኒት ኃይል ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ቆርቆሮውን የቀየረው ሰው ብቻ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕመሙ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሳል አልነበረውም፤ ፉጨቱም ቀጭን ነበር፤ የሚያፏጭ በቂ አየር አልነበረም። ሰማያዊውን ደጋግሜ ነፋሁ። ጡንቻው ላልቶ ይሆናል፤ ቧንቧው ግን በእብጠትና በአክታ ተደፍኖ ነበር። በሰፈሩ አውራ መንገድ፣ ከዚያ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም። የማስታውሰው የደረጀን ድምፅ ነው፤ «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» ይላል፤ እንደማልፈልግ ሁሉ።

በሆስፒታሉ ኦክስጅን ሰጡኝ፤ ያንን መርፌ ወጉኝ፤ ሌሎችንም ጨመሩ። እኔ ተረፍኩ። በማግሥቱ ጠዋት በአልትራሳውንድ የልጁን ልብ ፈለጉ። መሣሪያውን ሆዴ ላይ የምታንሸራትተው ሐኪም ስክሪኑን ከእኔ ስታዞረው ገባኝ። ወንድ ነበር። ሙሉ ጣቶች ነበሩት። ስም አልነበረውም፤ ሲወለድ እናወጣለታለን ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ የሳንባ ሐኪም መጣች። እርጋታ ያላት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

«አዝናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። ቡናማውን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ቧንቧ እንዲህ ተቆጥቶ አናገኘውም። መድኃኒቶቹን ልያቸው?»

ደረጀ ቦርሳውን አልሰጣትም። እኔ ነኝ እጄን ዘርግቼ የወሰድኩት። ሐኪሟ የሰማያዊውን ቆርቆሮ አወጣች፤ ጽሑፉን አነበበች። የቡናማውን ቆርቆሮ አወጣች፤ አነበበች። ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነበር።

«ይህን ማን አስገባው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«መቼ?»

«ጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ። ሳጥበው።»

«ለምን?»

«ልጁ እንዳይጎዳ። ብርቱካንን አይተሻት የለ። እማዬ ስትነግርሽ እንዴት አድርገሽ እንደመለስሽላት ሰምቻለሁ፤ ከአንቺ ጋር ተከራክሮ የሚረታ የለም፣ ማርታ።» ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ፤ በእርሷ ፊት የሚከላከል ይመስል። «ደግሞ የሚሠራውን ነው ያስገባሁላት። ያኛው ሲወሰድ ምንም አይሰማም ትለኝ ነበር። ይሄ ወዲያው ይሠራል። ወሩን ሙሉ ደህና ነበረች እኮ።»

«የሠራው ጡንቻው ላይ ነው» አለች ሐኪሟ። «በዚያ ወር ብግነቱን የያዘው መድኃኒት አልነበረም። ደህና ስለመሰላት ነው ያልታወቀው።»

ደረጀ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ፤ ልቅሶው እውነተኛ ነበር። ስለ እውነተኛነቱ ጥርጣሬ የለኝም።

ከወር በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ጋሽ ተካ። ያን ቀን ስላነደዱት እሳት ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ባልሽ ያጠፋው ከፍቅር ነው። ለክፋት ብሎ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ይቅር በይው።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ይውሰዱለትና መልሱን ያምጡልኝ።» ጥያቄውን ነገርኳቸው። ተያዩ።

«ይቺማ ምን ትጠቅማለች?» አሉ ጋሽ ተካ። «መልሱ ልጁን አያመጣውም።»

«አያመጣውም።»

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ይዘው የመጡት ሌላ ይቅርታ ነበር፤ ከፊተኛው የረዘመ። እማማ ወርቄም ብቻቸውን መጥተው ደጃፌ ላይ ተንበረከኩ፤ «እኔ ነኝ የጎተጎትኩት፤ ካሰብሽ እኔን ክሰሺ» አሉኝ። ብድግ አደረግኋቸው። እሳቸው የፈሩትን በግልጽ ተናግረዋል፤ በፊቴ፣ ስሜን ጠርተው። ልጃቸው ስታብጥባቸው ያዩ እናት ናቸው። በእሳቸው ላይ ምንም የለኝም።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ከቤታችን ወጥቼ ቤቴል አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት ተከራይቻለሁ። ፓፎቼን የማጥበው ራሴ ነኝ፤ ቆርቆሮውን ሳወጣ ስሙን አነባለሁ፤ ስመልሰው እንደገና አነባለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ምስክር ሳስተምር ድሮ እንደማደርገው በምሳሌ አልቀልድም። የሚጸጽተኝን ብትጠይቁኝ፣ ከሁሉ በፊት ያ ጥቅምት ነው። የቀለለውን እስትንፋስ፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀርብልኝን ብርጭቆ ውሃ፣ የባሌን ደስተኛ ፊት እንደ በጎ ነገር አስቀምጬው ነበር። አሁን አንዱንም ሳላረጋግጥ ማስታወስ አልችልም። በእኔ ቤት ውስጥ እኔን ከመቃወም እኔን ማታለል የቀለለ ሆኖ መገኘቱም ይጸጽተኛል፤ ግን ይህ ለእሱ ማቅለያ ሆኖ እንዲያዝ አልፈቅድም።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ሰማያዊውን ከወትሮው አብዝቶ ሲፈልግ ስታዩ «መድኃኒቱ እየሠራለት ነው» አትበሉ። ውስጡ እየተቆጣ መሆኑን እየነገራችሁ ነው፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ቡናማውን ከፈራችሁ ፍርሃታችሁን ለሕመምተኛውና ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ተጨቃጨቁ፤ ተኮራረፉ። በእጃችሁ አታስተካክሉት። አስተካክላችሁም ከሆነ፣ አንድ ሐኪም ስለዚያ መድኃኒት በጠየቃችሁ ጊዜ፣ ምንም ያህል ብታፍሩ እውነቱን ንገሩት።

ደረጀ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ፍርሃትህን አልጠይቅህም፤ አውቀዋለሁ። ቆርቆሮውን ለምን እንደቀየርክ አልጠይቅህም፤ መልሰሃል። የምጠይቅህ ስለ ክሊኒኩ ነው። ጤና መኮንኑ «ቡናማውን በትክክል ነው የምትወስደው?» ሲልህ፣ ቦርሳዬን ከቀኝ እጅህ ወደ ግራህ አዛወርክ፣ ወለሉን አየህ፣ ከዚያ «በየቀኑ» አልክ። በዚያች ቅጽበት ቡናማው ውስጥ ቡናማው እንደሌለ ረስተኸው ነበር ወይስ አስታውሰኸው ነበር? ረስተኸው ከነበረ፣ አብረን ያጣነው ልጅ ነው፤ አብሬህ አለቅሳለሁ። አስታውሰኸው ከነበረ፣ እኔ በፊትህ አየር አጥቼ ስታገል መታወቅን የፈራህ ሰው ነህ፤ ከሞት ይልቅ እፍረትን የፈራህ። ይቅርታህን በቃኝ፤ ሽማግሌም አትላክ። ከሁለቱ አንዱን ቃል፣ በራስህ እጅ ጽፈህ ላክልኝ፤ «ረስቼ ነበር» ወይም «አስታውሼ ነበር»።